የዳምጤ ምራት ቃላት

ሰልሚያ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ከእህል ተራው ወደ ታች ሲወረድ ሦስተኛው የቆርቆሮ ጥላ የእሷ ነበር። ከቆሼ በኩል የሚመጣውን ዛላ በጆንያ ትረከባለች፣ ምንጣፍ ላይ ታሰጣለች፣ እግሯን ዘርግታ ትቀነጥሳለች፣ ከዚያም ወፍጮ ቤት ሄዳ እዚያው ቆማ ታስፈጫለች። ከወፍጮው አጠገብ የማትለየው ያኔ በተፈጨ በርበሬ ውስጥ የጡብ ዱቄት የሚቀላቅሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። እሷ ዘንድ የሚመጣ ደንበኛ አይቀምስም፣ አያሸትም፣ ጣቱን ነክሮ ወደ ብርሃን አያወጣም። «የሰልሚያ ነው» ከተባለ አበቃ። አዲስ አበባ ያሉ ሴቶች እንኳ የዓመታቸውን በሰው ያስገዙ ነበር። ሌላ ሀብት አልነበራትም። ሀብቷ የምትለው ነገር እውነት መሆኑ ነበር።

ይህን ማስቀደሜ በኋላ ሐሰተኛ ስለተባለች ነው። ያሏትም በሐሜት አይደለም፤ በወረቀት፣ በቁጥርና በማኅተም ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ንዴቱ እኔ ላይ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

የተወለደችው ከቡታጅራ ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ ነው። የቋንቋቸውን ስም አልጽፍም። ተናጋሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ስሙን ከጠራሁ ሰዎቹ ይታወቃሉ፣ ከመካከላቸው ደግሞ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ የሚያፍሩ አሉ። ሰልሚያ ከባሏ ጋር በዚያ ቋንቋ፣ ዛላውን ከሚያወርዱት ነጋዴዎች ጋር በስልጢኛ፣ አጠገቧ ከሚቸረችሩት ሴቶች ጋር በመስቃንኛ፣ ከከተማው ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ ስትሰግድ ዐረብኛ አለ። እኔ በኋላ ስለ እሷ ቅጽ በሞላሁበት ቀን «የትምህርት ደረጃ» በሚለው ቦታ ላይ «የለም» ብዬ ጽፌአለሁ።

አማርኛዋ አንድ ነገር ነበረው። ዳቦን ፉርኖ ትላለች። ዳገትን አቀበት፣ ዳኛን ፈራጅ፣ ዳስን ድንኳን። የልጇን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር «የአስተማሪዎቹ አለቃ» ትለዋለች። ገበያው እንዲህ መናገሯን ጨዋነት አድርጎ ይወስደው ነበር፤ አንዳንዱም በጨዋታ ይኮርጃታል። ምክንያቱን የጠየቀ የለም።

ምክንያቱ ዳምጤ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሙስተፋ የሚባል ጎልማሳ አገባት፤ የሙስተፋ አባት ዳምጤ ይባል ነበር። በእነሱ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ይሄ በብዙ አገር አለ፤ የእኔም እናት አባቴን «እሱ» እያለች ነው ያረጀችው። የእነ ሰልሚያ ግን ስሙ ላይ አይቆምም። የአማትየው ስም በሚነሳበት ድምፅ የሚነሳ ቃል ሁሉ ከስሙ ጋር አብሮ ይከበራል፤ ምራቲቱ በአፏ አታነሳውም። በቋንቋቸው ደግሞ ውሃም፣ ላምም፣ እሳትም፣ ጨውም የሚነሱት በዚያው «ዳ» ነው። ሙሽራዪቱ ባሏ ቤት በገባች ማግስት ውሃ ለመጠየቅ ሌላ ቃል ያስፈልጋታል። ቃሉን ቀድመዋት ያገቡ ሴቶች ጓሮ ወስደው ያስተምሯታል። ሰልሚያ ውሃን «ጥም አብራጅ»፣ ላምን «የወተት እናት»፣ እሳትን «ቀዩ»፣ ጨውን «ነጯ» እንደ ማለት ባሉ የራሳቸው ቃላት ተካቻቸው። የጎረቤቷ ምራት አማት ሌላ ስም ስላለው የምትዘላቸው ቃላት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ሦስት ምራቶች ከአንድ ምንጭ ሲቀዱ ሦስቱም በየራሳቸው ቃላት ያወራሉ፤ አንዷ የሌላዋ አይጠፋትም። አማርኛን ከተማ ገብታ ስትለምድም ሰልሚያ ወጉን ይዛው ገባች፤ ማንም ሳያዛት ዳቦን ፉርኖ ያደረገችው ራሷ ናት።

ይህን ሰምቶ «ምስኪን ሴት» የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። እሷ ግን ዳምጤን ትወደው ነበር። ሽማግሌው ቀልደኛ ነበር ይላሉ፤ ደጅ ተቀምጦ ሲያያት፣ «ሰልሚያ፣ ስሜ ጠፋኝ እኮ። ማን ነበር ስሜ?» ይላታል።

«እርስዎ ያልያዙትን እኔ ምን ላድርግ፣ አባባ» ትለዋለች፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ።

መጨረሻ ላይ ሲታመም ስምንት ወር ያስታመመችው እሷ ናት። አንድ ቀን ወደ አልጋው አስጠርቶ፣ «በቃ ፈትቼሻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ጥሪኝ» አላት። የፈታት እንዲሰናበቱ መሆኑ ገብቷታል። «ሲነሱ እጠራዎታለሁ» አለችው። አልተነሳም። እሷም አልጠራችውም።

እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዩኒቨርሲቲ በቋንቋ ትምህርት ተመርቄ፣ ቡታጅራ እናቴ ቤት ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። ያ ዘመን ሁሉም ሰው በድንገት ስለ ቋንቋው መናገር የጀመረበት ነበር። ቋንቋ ያለው ሕዝብ ይባላል፣ ሕዝብ የተባለው ወረዳ ይጠይቃል፣ ወረዳ ያገኘው በጀትና መኪና ይጠይቃል። ሁለት መንደሮች አንድ ቋንቋ ይናገራሉ ወይስ ሁለት የሚለው ጥያቄ የኛ የተማሪዎቹ መሆኑ ቀርቶ የሹሞች ሆነ። መልሱም አስቀድሞ በሹሞቹ ኪስ ውስጥ ይገኝ ነበር።

ወልቂጤ ላይ በትንንሾቹ ቋንቋዎች የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ተቋቁሞ በጊዜያዊነት ቀጠረኝ። ሰብሳቢው አቶ ወልደማርያም የሚባል ሰው ነበር። ስለ ቋንቋ አንዲት ሰዓት ተምሮ አያውቅም፤ ስብሰባ መምራት ግን ያውቃል። ሁለት መቶ ቃላት የተደረደሩበት ወረቀት፣ ቴፕና ካሴት ሰጥቶ፣ «ከተማ ያልበረዘው አንድ ተናጋሪ ፈልግ። አንድ ይበቃል» አለኝ። ዝርዝሩን ከትምህርት ቤት አውቀዋለሁ። ውሃ፣ እሳት፣ ድንጋይ፣ ጆሮ፣ ምላስ፤ ሰው ከጎረቤቱ ቶሎ የማይዋሳቸው፣ ሺህ ዓመት ይቆያሉ የሚባሉ ቃላት ናቸው። ዝርዝሩን ያወጡት ሊቃውንት ዳምጤን አያውቁትም።

ወንዶቹን ትቼ ሰልሚያ ጋ የሄድኩት ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነው። ወንዶቹ መርካቶ ይመላለሳሉ። ከቋንቋቸው መጀመሪያ የሸሸው ቁጥር ነበር፤ ከአምስት በላይ ያለውን በአማርኛ ይቆጥራሉ፣ ይህን ማድረጋቸውንም አያስተውሉም። ቀጥሎ የቀናት ስም ሄደ፤ ከዚያ የቀለማት። ቋንቋ ሲሸሽ ሰላምታና ስድብ ነው ኋላ የሚቀረው፤ እነሱም ሲሰዳደቡ ብቻ ንጹሕ ነበሩ። ሰልሚያ ግን ዛላዋን በራሷ ቋንቋ እስከ ሺህ ትቆጥራለች።

ጥላዋ ሥር ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። በርበሬው እያስነጠሰኝ ቴፑን ከፈትኩ። እሷ ትቀነጥሳለች።

«እትዬ ሰልሚያ፣ ውሃን በቋንቋችሁ ምን ትሉታላችሁ?»

እጇን አቁማ አየችኝ። «እኔ የምለውን ነው የምትፈልገው፣ ወይስ የሚባለውን?»

እዚህ ላይ ነው እኔ የተማርኩት ትምህርት ሁሉ ተሰብስቦ ያጠፋት። አራት ዓመት ሙሉ መምህሮቻችን «ሰውን እንዴት መባል እንዳለበት አትጠይቁ፤ እሱ ራሱ የሚለውን ጻፉ» ይሉን ነበር። ጥሩ ምክር ነው። በልበ ሙሉነት፣ «አንቺ የምትይውን» አልኳት።

«እኔ የምለው እንዲህ ነው» ብላ ነገረችኝ። ጻፍኩ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ወንዶቹንም ጠይቅ እንጂ፣ ልጄ። እኔ ምራት ነኝ» አለችኝ።

«ወረቀቱ የአንድ ሰው ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለችና ቀጠለች። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። «እኔ ምራት ነኝ» ማለቷን ትሕትና ነው ብዬ ወሰድኩት። ወረቀቱ ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ አልነበረም፤ ቦታ የሌለውን ነገር ደግሞ ጆሮዬ አልሰማውም። ከሁለት መቶው ቃላት ሃያ ሦስቱ በዚያ መንገድ ገቡ።

መጽሐፉ በሚቀጥለው ዓመት ታትሞ ደረሰ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንስራ ተሥሎ ከሥሩ በቋንቋቸው በትልልቅ ፊደል «ጥም አብራጅ» ይላል፤ ሁለተኛው ላይ ላም፣ «የወተት እናት»። ሽፋኑን ገልጦ የሚያይ ደግሞ «መረጃ ሰጪ፦ ወ/ሮ ሰልሚያ» የሚል ያገኛል። ያን መስመር ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ማክበሬ ነበር።

አስተማሪው፣ የዚያው መንደር ልጅ፣ መጽሐፉን ክፍል ውስጥ እንደገለጠ ልጆቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ወደቁ። «መምህር፣ መጽሐፉ አግብቷል እንዴ?» አለ አንዱ። እስከ ማታ መንደሩን ሁሉ አዳረሰው። ሽማግሌዎቹ ከመስጊድ ሲወጡ እየተቀባበሉ ያገላብጡታል። «ይሄ መጽሐፍ የማን ምራት ነው?» ይላል አንዱ። «የዳምጤ ነው እንጂ፣ አታይም? ውሃን ፈርቶ» ይላል ሌላው። ሁለት ቀን ሳቁ። በሦስተኛው ቀን ሳቁ ወደ ቁጣ ዞረ። መንግሥት ቋንቋችንን በሚስቶቻችን አፍ ጻፈብን፤ ሌሎቹ ወረዳ ሲያገኙ እኛ መሳቂያ ሆንን አሉ።

የሚያስፈልገው ሃያ ሦስት ቃላት ብቻ ነበር። ከዚያ መንደር ማንኛውም ወንድ፣ ማንኛዋም ያላገባች ልጅ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊሞሏቸው ይችላሉ። አንድ የማረሚያ ወረቀት አባዝቶ መጽሐፉ ውስጥ መክተት ነው። ይህን ጽፌ ሁለት ጊዜ ለአቶ ወልደማርያም አመለከትኩ። መልስ የለም። ቆይቶ እንደገባኝ፣ ትንሽ ቋንቋ መጽሐፍ ይዞ እንዲቀጥል ያልፈለጉ ሰዎች ኮሚቴው ውስጥ ነበሩ፤ መንገዱን ደግሞ እኔ ራሴ ጠርጌ ሰጠኋቸው። አንድ ቀን ደብዳቤ ወጣ። «መረጃ ሰጪዋ ሆን ብለው ሐሰተኛ ቃላት በመስጠታቸው የመጽሐፉ ሥራ ተቋርጧል፤ ቋንቋው ለማስተማሪያነት ያለው ብቃት እስኪጣራ ድረስ ትምህርቱ በአማርኛ ይቀጥላል» ይላል። በትምህርት ቤቱ በርና በቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ቡታጅራ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም።

«ሆን ብለው» የሚለውን የጻፈውን እጅ እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ።

ከዚያ አንዲት ደንበኛ ከጆንያው ቆንጥራ ቀመሰች። ሰልሚያ ፊት ማንም እንዲያ አድርጎ አያውቅም። ከእሷ ፊት ለፊት በርበሬ የምትሸጠው አሚኔ ደግሞ ጮክ ብላ፣ «ቃል የቀላቀለች በርበሬ አትቀላቅልም ያለው ማነው?» አለች። ሳቁ።

ሰልሚያ ቀና ብላ፣ «አሚኔ፣ ያንቺን በርበሬ ውሃ ውስጥ ብንጨምረው ቤት ይሠራል» አለቻት። ገበያው በዚህም ሳቀ። በሳምንቱ ግን የአዲስ አበባዎቹ ሴቶች መልእክተኛ እሷን አልፎ ሄደ። ከመንደሯ ወንድሟ መጥቶ ቋንቋችንን ገደልሽው ብሏት፣ ውሃ ሳይቀምስ ተመለሰ። ይህን የነገረችኝ ሳትጮህ ነው፤ ቅንጠሳው ግን ከወትሮው ፈጥኖ ነበር።

«ዋሸሁ እንዴ እኔ?» አለችኝ።

«አልዋሸሽም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው የጻፉት ያንሱልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። በእጃቸው እንደለጠፉት በእጃቸው ያንሱልኝ።»

ኮሚቴው ቅሬታዋን ሊሰማ ወልቂጤ ጠራት። የዞናችን ከተማ ወልቂጤ ነው፤ ከቡታጅራ እዚያ ለመድረስ ግን ከዞኑ ወጥተን ዓለም ገና ድረስ ሄደን፣ መኪና ቀይረን፣ እንደገና መውረድ ነበረብን። ሰልሚያ፣ ባሏ ሙስተፋ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ሳቢሪንና እኔ ሄድን። ከስብሰባው አንድ ቀን ቀደም ብለን ስለገባን ካሴቶቹን ፈለግኩ። «እኔ ምራት ነኝ፤ ወንዶቹንም ጠይቅ» ያለችው በድምፅዋ ተቀርጿል፤ እሱ ከተሰማ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ንብረት ክፍሉ ካሴቶቹን አውጥቶ ሰጠኝ። ከፈትኳቸው። የአንድ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር ተቀድቶባቸዋል። ሦስቱም ላይ፤ ጭብጨባው ሳይቀር።

አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ሙቀቱ የሚያፍን ክፍል ነበር። አቶ ወልደማርያም ሰልሚያን «እርስዎ» እያለ ነው የሚያነጋግራት። እርስዎ እያሉ ሰውን ማዋረድ እንደሚቻል ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ወይዘሮ ሰልሚያ፣ እርስዎ ይህን ቋንቋ ያውቃሉ?»

«የተወለድኩበት ነው።»

«ውሃን ምን ይሉታል?»

ነገረችው።

«ይህ ትክክለኛው ቃል ነው?»

«እኔ የምለው ቃል ነው።»

«ትክክለኛውን ይበሉልንና እንስማ። ካወቁት ደብዳቤው ይነሳል።»

«አልለውም።»

«ስለማያውቁት ነው።»

«አውቀዋለሁ። አልለውም።»

ሙስተፋ ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ እኔ ልንገራችሁ። ውሃ ማለት...»

«አንተ ተቀመጥ። ያሳሳትከው አንተ አይደለህም» አለና አቶ ወልደማርያም ዓይኑን ሳቢሪን ላይ ጣለ። «ልጅቷ ትናገር። እሷ እንኳ ገና አማት የላትም።» ሳቁ።

እኔም፣ ሙስተፋም ተስፋ አደረግን። ሳቢሪን ያላገባች ልጅ ናት፤ ዳምጤ አያቷ እንጂ አማቷ አይደለም፤ እንዳሻት መጥራት ትችላለች። ተነስታ ቆመች። ውሃን ምን ትይዋለሽ ሲሏት «ጥም አብራጅ» አለች። ላምን «የወተት እናት» አለች። እሳትን ሲሏት «ቀዩ»። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ስላልገባት ወደ እናቷ ዞረች።

ያደገችው ቡታጅራ ነው። አባቷ በሳምንት ስድስት ቀን መርካቶ ነው። ቋንቋዋን የሰማችው ከአንድ አፍ ብቻ ነበር፤ ያ አፍ ደግሞ የምራት አፍ ነው። እናቷ ለአክብሮት የተካቻቸው ቃላት ለልጇ ቃላቱ ራሳቸው ሆኑ፤ ከጀርባቸው ሌላ ቃል መኖሩን አታውቅም። አንድ ቋንቋ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአሥራ አንድ ዓመት፣ በአንድ ሽማግሌ ፍቅር ምክንያት ተለውጦ ነበር። ሌላ ቦታ ቢሆን ይህን ያገኘ ሰው መጽሐፍ ይጽፍበታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የሚስቁ ሰባት ወንዶች ነበሩ።

ሰልሚያ በደብዳቤው አልደነገጠችም፣ በሰብሳቢውም አልደነገጠችም። ያን ጊዜ ግን ደነገጠች። ልጇን እጇን ይዛ አስቀመጠቻትና ተነሳች።

«ስሙኝ» አለች። «ለአንድ ሰው ቃል ገብቻለሁ። ሲነሳ እጠራዋለሁ ብዬዋለሁ። አልተነሳም። ለእናንተ ወረቀት ብዬ ከመቃብሩ ላስነሳው? እናንተ ዘንድ የሞተ ሰው የለም?»

እኔ ያን ቀን ካደረግኩት ነገር የማላፍርበት አንድ ነው። «እሷ አትናገረው፤ እኛ እንናገረውና ትምረጥ» አልኩ። ሙስተፋ ለእያንዳንዱ ነገር ትክክለኛውን ቃልና ሁለት ሌሎች በወረቀት ጻፈልኝ፤ እኔ ሦስት ሦስት እያደረግሁ አነበብኩ። ሰልሚያ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ ትክክለኛው ቃል ሲደርስ እጇን ታነሳለች። ሃያ ሦስቱንም አነሳች። አንድም አልሳተችም። በሁለቱ ላይ አነባበቤ ጎርብጧት ግንባሯን ቋጠረች። ካገባች ጀምሮ በምላሷ ያላለፉ ቃላት ጆሮዋ ውስጥ እንደተቀመጡ ነበሩ፤ አቧራ እንኳ አልነካቸውም።

አቶ ወልደማርያም ጸሐፊውን አየና፣ «ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብለን እንጻፍ? እጃቸውን አነሱ? ባላቸው አጠገባቸው ተቀምጦ?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቴዎድሮስ፣ አንተ ሙያተኛ ነህ። ቃላቱ ሌላ መሆናቸውን ያን ጊዜ ነግረውህ ነበር?»

በዚያ ወር ኮንትራቴ ያልቃል። የሚያድሰው እሱ ነው። ከዚህ ሥራ በፊት እናቴ ቤት ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። ይህ ሁሉ ምክንያት አይሆንም፤ የሆነው ግን ይኸው ነው። የጆንያው ሽታ፣ የቆመው እጇ፣ «ወንዶቹንም ጠይቅ እንጂ፣ ልጄ» ያለችበት ድምፅ አንድም አልጠፋኝም።

«ይመስለኛል» አልኩ።

ሰልሚያ ነጠላዋን ከዓይኗ አውርዳ አየችኝ።

«በይመስለኛል ደብዳቤ አይነሳም» አለ አቶ ወልደማርያም። ፋይሉን ዘጋ።

ስንመለስ፣ ዓለም ገና መኪና በቀየርንበት፣ ለሳቢሪን ብቻ፣ «አባትሽ ውሃን የሚልበትን ቃል ዛሬውኑ ከአፉ ተማሪ» አለቻት። ኮንትራቴ ታደሰ።

መጽሐፎቹ መጋዘን ውስጥ አንድ ዓመት ተኩል ከተቀመጡ በኋላ እንደ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ተሸጡ። የአሮጌ ወረቀት መጨረሻው የታወቀ ነው፤ መጠቅለያ ሊሆኑ ቡታጅራ ገበያ ገቡ። ሌሎቹ ነጋዴዎች አንዳንድ እሽግ ሲገዙ ሰልሚያ የቀረውን ሁሉ ጠቅልላ ወሰደች። አቃጠለቻቸው ብዬ አስቤ ነበር። አላቃጠለችም። ሳቢሪን የእናቷ ስም ያለበትን ገጽ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ እየገነጠለች ለብቻው ትከምርላታለች፤ እሷም በርበሬውን የምትጠቀልለው በዚያ ገጽ ነው። ለሚገዛት ሰው ሁሉ ጽሑፉን በጣቷ ታሳየዋለች። «ይሄ የኔ ስም ነው። ሐሰተኛ ያሉት ይሄን ነው። አሁን ቅመስ» ትላለች። የሚቀምስ ሰው ያስላል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ ይገዛል። የአዲስ አበባዎቹ ሴቶች በዓመቱ ተመለሱ። ከቀበሌው ግድግዳ ላይ ግን ደብዳቤውን ማንም አላነሳውም፤ ዝናብ ነው ያነሳው። በመንደሩ ትምህርት ቤት ልጆቹ እስከ ዛሬ በአማርኛ ይማራሉ።

እኔ በጥላዋ አጠገብ ለማለፍ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንድ የገበያ ቀን ጧት ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። በርበሬ ትሰፍር ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ ሰልሚያ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ስንት ኪሎ?»

«አንድ ኪሎ።»

ሚዛኑ ላይ አደረገች፣ ትንሽ ጨመረች። ከክምሩ አንድ ገጽ አንስታ ስሟን ወደ እኔ አዙራ ጠቀለለች፣ በክር አሰረች። ብዙ የምላት ነገር ይዤ ነበር የሄድኩት። ወልቂጤ ደብዳቤ ጽፌ እንደነበር፣ የነገረችኝን ሁሉ በፊርማዬ እንዳረጋገጥኩ፣ ዘግይቷል ተብሎ ፋይል ውስጥ እንደቀረ። እጄ ላይ ያለውን ጥቅል እያየሁ ግን፣ «ሙሉ ኪሎ ነው?» አልኳት። ሰልሚያን እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው በዚያ ገበያ የለም።

ቀጣዩን ደንበኛ እያስተናገደች፣ ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«ይመስለኛል።»